እንሰት ያበቀልኩባት የእንግሊዝ ከተማ

ልጅ እያለሁ ከዲላ ቀጥሎ አብጠርጥሬ የማውቃት ከተማ እንግሊዝ አገር፣ በሰሜን በኩል ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። አምስተኛ ክፍል ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን ጋሼ አሰፋ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ እያነበቡ በቃል አስጠኑን፤ ወንዟን፣ የድንጋይ ድልድይዋን፣ የፈረሰ ግንቧን፣ የበግ ጠጉር የሚፈተልበትን ፋብሪካዋን። መጽሐፉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። እኔ ያ የእንግሊዝ አገር ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ፈተናው ካርታዋን ስሎ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌ አይከፈትልኝም፤ ልጆቹ "ድዳዋ" ይሉኝ ነበር። አባቴ ከወደቅኩ ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀረኝ ነግሮኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ "ዝም ለማለት ቤትም ይበቃል" ነበር የሚለው።

ካርታዬን ሦስት ቀን ሳልኩት። ወንዙን እንደኛ ለገዳራ አጠማዘዝኩና በክረምት እንደሚደፈርሰው ቡናማ ቀባሁት። ቤቶቹን ደርድሬ ሳያቸው ግን ባዶ ሆኑብኝ። እኛ ዘንድ ጓሮው እንሰት የሌለው ቤት ሰው የሚኖርበት አይመስልም። ስለዚህ በየቤቱ ጀርባ እንሰት ተከልኩ።

ተራዬ ደርሶ ካርታዬ ሰሌዳው ላይ ሲሰቀል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። "ድዳዋ እንግሊዞችን ቆጮ ልታበላ ነው" አለ አንዱ ከኋላ። ጋሼ አሰፋ አልሳቁም።

"እዚያ በረዶ ይጥላል፣ ልጄ። እንሰት አይበቅልም" አሉኝ።

"ታዲያ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ?" አልኩ።

ጋሼ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ ስለ ወንዙም ስለ ግንቡም ተጽፏል፣ ስለ ምግባቸው ግን አንድም ቃል አልነበረም። ዘጉትና የሚጠቁሙበትን ዘንግ ሰጡኝ።

"ፊትሽን ወደ ካርታው አዙሪና እኛን እርሺን። ከድልድዩ ተነስተሽ ገበያው ድረስ ውሰጂን።"

ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ወሰድኳቸው። ደወል እስኪደወል አላቆምኩም። አለፍኩ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቆመ፤ ዛሬ ዲላ ገበያ አጠገብ ክርና መርፌ እሸጣለሁ። ታናሽ እህቴ አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የእሷ መምህር ደግሞ ዲላን ሣሉ ብለዋቸዋል። እኛ ያኔ የሩቁን አገር ድልድይ ታሪክ በቃላችን ስንወጣ፣ በየቀኑ የምንሻገረውን የለገዳራን ድልድይ ማን እንደሠራው አናውቅም ነበር። እነሱ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ደጃፍ ወረቀቷን ትዘረጋና መንገዱን ትጠይቀኛለች፤ እኔም ከላይ ሰፈር እስከ ወንዙ፣ ቤቱን ከነጓሮው፣ ጓሮውን ከነባለቤቱ እነግራታለሁ። ትናንት እርሳሷን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"እታለም፣ ወረቀቱ እኮ አለቀ" አለችኝ።