የጨው ስም የጠፋኝ ቀን

መጀመሪያ የጠፋኝ የጨው ስም ነው። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ዳላስ ውስጥ በምሠራበት የምርምር ቢሮ፣ በትንሿ ኩሽና፣ ከሥራ ባልደረባዬ ከሊን ጋር ተቀምጠናል። ከፋሲካ የተረፈ ቀይ ወጥ ይዤ መጥቼ ነበር። አንድ ጎረስኩና ጨው እንዳነሰው ታወቀኝ። አቀብዪኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ፈለግኩት፤ የለም። በአማርኛ ፈለግኩት፤ እሱም የለም። ዕቃው ከሊን አጠገብ ተቀምጦ ይታየኛል፣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስሙ ግን ከጭንቅላቴ ወጥቷል። በጣቴ ጠቆምኩ። ሊን ሳቀች።

"በዚህ ቢሮ ካለው ሰው ሁሉ አንቺ ጨው ትጠይቂኛለሽ?" አለችኝ።

መሳቋ ያለ ምክንያት አልነበረም። የምንሠራው ጥናት በቻይና ገጠር ስለሚኖሩ ሰዎች የደም ግፊትና የልብ ሕመም ነው። ሊን ሐኪም ናት፤ ተወልዳ ያደገችውም ሰሜን ቻይና፣ ሕዝቡ ስንዴ እያረሰ በሚኖርበት፣ ክረምቱን በጨው ተዘፍዝፎ በከረመ ጎመን በሚያልፍበት መንደር ነው። እኔ ደግሞ የዳታ ሠራተኛ ነኝ። ከመንደሮቹ የሚመጣውን መልስ ወደ ኮምፒዩተር አስገባለሁ፤ ለያንዳንዱ መልስ ኮድ እሰጣለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ "የግፊት መድኃኒትዎን ለምን አቆሙ?" ይላል። የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፦ "ደህና ስለሆንኩ።" ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንዳስገባሁት እንጃ። "እነዚህን ሰዎች ምን ነካቸው?" እላት ነበር ለሊን። "ደህና የሆኑት እኮ ስለዋጡ ነው!" እሷ ወረቀቷን ታገላብጣለች።

የያዝኩት ጉርሻ ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ሊን መሳቋን አቆመች።

"ፈገግ በይ" አለችኝ። ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። "ሁለቱንም እጅሽን አንሺ።" ግራው ተነሣ። ቀኙ አልተነሣም። የግድግዳውን ሰዓት አየች። አምቡላንስ ጠራች።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት "መጨረሻ ደህና ሆና የታየችው መቼ ነው?" ብሎ ነው። ሊን ሰዓቱን ነገረችው። ሲቲ ስካን አስገቡኝ። አወጡኝ።

"ደም አልፈሰሰም" አለ ሐኪሙ። "አንጎልዎ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተዘግቷል። ስትሮክ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለን። ነገር ግን ግፊትዎ ከዚህ ካልወረደ መስጠት አልችልም። ከሰጠሁዎት አንጎልዎ ሊደማ ይችላል። ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሰዓታት ካለፉም መስጠት አልችልም።"

ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት በደም ሥሬ ለቀቁልኝ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማሽኑ ክንዴን ይጨምቃል። ይለቃል። ቁጥሩን ያያሉ። እንደገና ይጨምቃል።

ልጅ አለችኝ። ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። ዴንተን፣ ዩኒቨርሲቲ ናት። እንዲደውሉላት ፈለግኩ። ስሟን ልናገር ሞከርኩ። የለም። ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እንደ ጨው ጠፋ። ሞት ያን ያህል አላስፈራኝም፤ ይህ አስፈራኝ።

ግፊቱ ወረደ። መድኃኒቱን ሰጡኝ። ሰዓቱ ሊያልፍ ትንሽ ነበር የቀረው።

ኋላ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "ግፊት እንዳለብዎት ያውቁ ነበር?" ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩ። "መድኃኒት ታዞልዎት ነበር?" ነቀነቅኩ። "ይወስዱታል?" ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። "ለምን አቆሙ?"

መናገር አልቻልኩም። መልሱ ግን ከነኮዱ ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሊን ከእግርጌዬ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። መልሱን እሷም እንደምታውቀው ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል፤ ኪኒኑንም ጠዋት ጠዋት በሥርዓቱ እውጥ ነበር። ሁዳዴ ገባ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም፤ ስለዚህ ኪኒኑን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ወይ ስብሰባ አለ ወይ ፍሪዌይ ላይ ነኝ፤ ወደ ማታ አዛወርኩት። ማታ ደክሞኝ እተኛለሁ። ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ግን ራሴን ሕመምተኛ ብዬ አልቆጠርኩም። ለእኔ ሕመምተኛ ማለት የተኛ ሰው ነው፤ መኪና እየነዳ ሥራ የሚሄድ ሰው አይደለም። ይባስ ብሎ በጾሙ ቀለል አለኝ። ራስ ምታት የለ፣ ቀሚሱ ሰፍቶኛል። ጾሙ ፈወሰኝ አልኩ። ፋሲካ ሲመጣ ቅቤውም ሥጋውም ተመለሰ፤ ኪኒኑ ግን እንደ ጾመ ቀረ።

በማግስቱ የቀኝ እጄ ጣቶች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ቃል ግን አልመጣም። ሐኪሞቹ አፌዥያ ይሉታል፤ ሐሳቡ እያለ ቃሉ የሚጠፋበት ችግር ነው። ውሃ ጠምቶኝ "መጋረጃ" እላለሁ፤ መጋረጃ ማለቴ ይገባኛል፤ ላርመው ስል የባሰ ይወጣል። የሚገርመው ግን አቡነ ዘበሰማያትን ከጀመርኩት ሳልደናቀፍ እጨርሰዋለሁ። ልጄ ቤዛ ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች "ማሚ ቶክ አደረገች! ማሚ ቶክ አደረገች!" ብላ ነርሶቹን ሁሉ ሰበሰበች። የንግግር ሐኪሟ በቃል የተያዘ ጸሎትና ዘፈን ከዕለት ንግግር በተለየ መንገድ እንደሚወጣ አስረዳቻት፤ ቤዛ ግን ደስታዋን ለማንም አላስነካችም። እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ሆኜ የምወዳት ልጄን በስሟ ጠርቼ "ነይ" ማለት አቅቶኝ አለቅስ ነበር።

ሌዊስቪል ወዳለው ቤታችን ከተመለስኩ በኋላ የንግግር ሐኪሟ አንድ ሐሳብ አመጣች፤ የመናገር ልምምዱን በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን አፌን በፈታሁበት ቋንቋም እንድንሞክረው። አስተማሪዋ ቤዛ ሆነች። ቤዛ ያደገችው እዚሁ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ግማሹን ትውጠዋለች። ሥዕል ያለባቸውን የመለማመጃ ካርዶች ይዛ ሶፋው ላይ አጠገቤ ትቀመጥና "ሶ፣ ማሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ትለኛለች። ኩባያ፣ ቁልፍ፣ ውሻ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እከተላለሁ፣ ግማሹ ይመጣል ግማሹ አይመጣም። ሳምንታት እንዲህ አለፉ፤ አንድ ቀን ከካርዶቹ አንዱን አነሳችና ራሷም ተቸገረች።

"ይሄ... ማለቴ፣ ትልቁ ስፑን" አለች። "የሾርባ ነው። በይ፣ ማንኪያ።"

ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ።

"ማንኪያ በይ፣ ማሚ፣ ኦኬ?"

ደሜ ፈላ። ሐኪም የከለከለኝን ቁጣ ተቆጣሁ። "ጭልፋ!" አልኳት። "ጭልፋ ነው እንጂ፣ ቤዛ!"

ካርዱ ከእጇ ወደቀ።

"ስሜን ጠራሽ" አለችኝ።

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ አማርኛዋ በአንድ ጊዜ ባሰበት፤ ወንፊቱን ማጥለያ፣ ሙቀጫውን "ድንጋይ" ትላለች፣ እኔም እየተቆጣሁ አርማታለሁ። እያወቀች ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የሆነውን ሁሉ በተሰባበረ ቃል ነገርኳቸው። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን አዘኑ። "ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም" አሉኝ። "ለስእለቱ፣ ለክርስትናው ትደውዪልኛለሽ፤ ለዚህ ምነው ዝም አልሽ? በአንድ ቃል እመልስልሽ ነበር።" ሲሄዱም በር ላይ ቆመው ቤዛን "መዋጧን ጠዋት ጠዋት ጠይቂያት፣ አደራ" አሏት። ቤዛ አደራ ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር፤ ስነግራት ግን ወደደችው።

ሊን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንድ ቀን ያለ ጨው የተቀቀለ ጎመን ይዛልኝ መጣችና እየበላን ሳለ፣ በሥራ ዘመናችን ሁሉ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። "አባቴም ያቆመው እንዲሁ ነው" አለች። "አጨዳ ደረሰ፤ ጉልበት ተሰማው፤ ደህና ነኝ ይል ነበር አሉኝ ጎረቤቶቹ። እዚያው ማሳው ላይ ወደቀ። ለምን እንዳቆመ ልጠይቀው ደረስኩ፤ መናገር ሳይችል ሞተ። ያን ጥያቄ ጥናቱ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ "ምን ነካቸው" ስል የነበረው ስለ አባቷ መሆኑ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ ያቺ ሴት እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ልላት ስፈልግ ቃሉ አልመጣልኝም። ሊን ገባትና ጎመኑን ጨመረችልኝ።

ዛሬ ሥራዬ ላይ ተመልሻለሁ። ቀኝ እጄ ከግራው ይዘገያል፤ ሲደክመኝ አንዳንድ ቃል ይሸሸኛል፤ ከዚህ ሌላ ደህና ነኝ፣ ይህን ቃል ግን አሁን ፈራ ተባ እያልኩ ነው የምለው። "ደህና ስለሆንኩ" የሚል መልስ ሲመጣ ኮዱን ከመጻፌ በፊት ትንሽ እቆያለሁ። ዛሬ እንዲህ ብላ የመለሰችው አንዲት የማላውቃት የመንደር ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ጋር አንድ ነው።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሰዓቱን ያየችውን ሊንን፣ ግፊቴ እስኪወርድ ከአጠገቤ ያልራቀውን ሐኪም፣ የንግግር ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ግፊት ያለባችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ሕመም አያስነጥስም፣ አያተኩስም፤ ሲያማችሁ ብቻ የምትውጡለት ከሆነ አይሆንም። ያለ ሐኪም ምክር አታቁሙት። ጾም ሲገባ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። የሰው ፊት ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል፣ ቃል ሲጠፋበት ካያችሁ ደግሞ ሰዓቱን እዩና ያኔውኑ ደውሉ፤ ጋደም ብሎ ይለፍለት አትበሉ። ከሁሉ በላይ ጠያቂ ሰው ይኑራችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጎረቤት ለምኑ።

እኔን የምትጠይቀኝ ቤዛ ናት። አሁን እንደገና ሁዳዴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከዴንተን ትደውላለች።

"ማሚ፣ ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ" ብላት አታምነኝም። ስልኩን ወደ ጉሮሮዬ አስጠግቼ የኪኒኑን ውሃ ድምፅ እያሰማሁ እውጠዋለሁ።

"ኦኬ፣ ሰማሁ" ትላለች። "አሁን ስሜን ጥሪ።"

እጠራታለሁ።