በሰንበት የተሳለ ዶማ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ባለው የብረት ሥራ ቤት በኩል ሳልፍ፣ የጋለ ብረት ሲሸተኝ አንገቴን እደፋለሁ። ሽታው ቡሬ አጠገብ ልጅ ሆኜ ወደኖርንበት ቤት ይመልሰኛል።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ አባቴ አዳነ ቀጥቃጭ ነበር። ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ወንዝ ወርደን እንታጠባለን፤ እናቴ የሰንበቱን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ሸፍና የምድጃውን እሳት በውኃ ታጠፋለች። እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት የሚባል ነገር አይለኮስም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ አያቴ ጸሎት እያደረሱ ሳለ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን አያ ሞላ ዶማዎች ተሸክመው መጡ። ሌሊቱን ልጃቸው ሞታባቸው ነበር።

"አዳነ፣ ሰንበታችሁን አውቃለሁ" አሉ በሩ ላይ ቆመው። "መቃብሩ ድንጋይ ሆነና ዶማችን ሁሉ ዶለዶመ። ልጄን የት ላሳድራት?"

አባቴ አያቴን አየ። አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ወናፉ ተነፈሰ፤ ከዚያም የመዶሻው ድምፅ ተሰማ። በሰንበት ሰምተነው አናውቅም ነበር። እናቴ ጆሮዬን በእጇ ደፈነችው፤ እኔም በኀፍረት ፊቴ ጋለ።

አያ ሞላ አመስግነው ሄዱ። አባቴ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ተመለሰና ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዳቦ ብወስድለት እጁን አልዘረጋም። እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ ኀፍረቱ ያንስለት እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አያቴ ወደ ደጅ ወጡ። "ግባ እንጂ ልጄ፤ ሰንበት ገና አልወጣችም።"

"እኔ ግን ከሰንበት ወጥቻለሁ፣ አባባ" አለ ቀና ሳይል።

አያቴ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እስኪመሽም ሁለቱም ወደ ቤት አልገቡም።