ጎማ አጣቢው መሐንዲስ

ሳዑዲ ውስጥ፣ ዳማድ ከተማ አጠገብ ካለው እርሻ ያስቀጠረኝ ምላሴ ነው። ሥራ ፍለጋ እደጁ ስደርስ የውሃ ታንከር የተሸከመች ተጎታች ቆማለች። ጎማዋን አየሁና ሳቄ መጣ። ወፍራም ነው፣ ጥርስ የለውም፣ ዙሪያውን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ተሰምሮበታል። "ይሄማ የአውሮፕላን ጎማ ነው!" አልኩ። የእርሻው ባለቤት ጎማውን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነበር የገዛው። ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬና ዋሴ፣ እለዋለሁ እንጂ እኔንና እሱን የሚያስተሳስር ምንም ወረቀት የለም። "በምን አወቅህ?" ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "መሐንዲስ ነበርኩ" አልኩት።

አዲስ አበባ፣ የአውሮፕላን ጎማና ፍሬን በሚጠገንበት ወርክሾፕ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይሄ እውነት ነው። የሠራሁት ግን እጥበት ነው። ከአውሮፕላን የወረደ ጎማ ይመጣል፣ ከቸርኬው ይፈታል፣ እኔ የፍሬኑን ጥላሸት ከቸርኬው ላይ ፈትጌ ለእውነተኞቹ መካኒኮች አቀርባለሁ። እነሱ ስንጥቅ ሲፈልጉ እኔ ቀጣዩን አጥባለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ ፍየል የሚያግድና ማሽላ የሚያርም መሐንዲስ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ውሸቴ ሁለት ዓመት ማንንም ሳይነካ ተኛ። ከዚያ የከፊሌ እናት፣ ሐጃ የምንላቸው፣ ዓይናቸው እየጠፋ ሄደ። አንዱ ጨልሟል። ሁለተኛውን ሪያድ ሄደው ቶሎ ካልተሠሩ አይተርፍም አሉ ሐኪሞቹ። በመኪና እንዳይሄዱ ወገባቸው አይችልም፤ በአውሮፕላን ደግሞ አሻፈረኝ አሉ። የፈሩት መብረሩን አይደለም። "መብረርማ ወፍም ይበራል። ያ ሁሉ ብረት በዚያች ጎማ እንዴት ብሎ ይቆማል?" ነው ጥያቄያቸው። ከፊሌ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ እኔ ትዝ አልኩት። "ያላ፣ ሙሐንዲስ!" ብሎ እናቱ ፊት ገተረኝ። ጉድ ፈላ!

ሐጃ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በጣታቸው ያልነኩትን አያምኑም። ከማድ ቤት የብረት ሳህኖች አመጣሁ። "ፍሬኑ ይሄ ነው ኡሚ። ሳህን በሳህን ላይ። አንዱ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ቀጣዩ አይዞርም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይዞራል። አብራሪው ሲረግጠው ሁሉም አንድ ላይ ይጨመቃሉ።" ሳህኖቹን በሁለት መዳፋቸው መካከል አስያዝኳቸውና አንዱን ላዞር ታገልኩ። ዕድሜ ልካቸውን ፍየል ያለቡ እጆች ናቸው፤ ጭምቅ ሲያደርጉት ንቅንቅ አልል አለ። ሐጃ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ሲፋተግ አይግልም?"

"እንደ ከሰል ይግላል። ጎማው እንዳይፈነዳ ግን ቸርኬው ላይ ትንንሽ ውታፎች አሉ። ሙቀቱ ሲበዛ ራሳቸው ቀልጠው አየሩን ያስወጡታል። አየሩም እሳት የማያቀጣጥል ናይትሮጅን ነው።"

"ፍሬኑ ማለቁንስ በምን ያውቃሉ?"

ሚስማር በካርቶን ሰክቼ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አኖርኩላቸው። "ፍሬኑ ላይ እንዲህ ብቅ ያለች ዘንግ አለች። ፍሬኑ ባለቀ ቁጥር ወደ ውስጥ ትገባለች። ከብረቱ እኩል ስትሆን ይቀየራል።" ደጋግመው ዳሰሷት። "ይሄንንማ ዕውርም ያውቀዋል" አሉ፤ ደስ አላቸው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! "ሊያርፍ ሲል ከእግርዎ ሥር 'ጓ!' ይላል፤ እንዳይደነግጡ። ጎማው ወርዶ ሲቆለፍ ነው። ሆድዎም ትንሽ ወደ ታች ይላል፣ ምንም አይደል" አልኩ።

"አንተ ስትበር ሆድህ ወደ ታች አለ?"

"አዎ ኡሚ።"

"የት ስትሄድ?"

ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። "እዚህስ በምን መጣህ?" አሉኝ። የየመን ድንበር ሩቅ አይደለም፤ እኛ ሐበሾች በምን እንደምንመጣ ፍየሎቹም ያውቃሉ። "በጀልባ። ከዚያ በእግር" አልኩ።

"ስለዚህ አልበረርክም። መሐንዲስስ ነበርክ?"

"አጣቢ ነበርኩ ኡሚ።"

ከፊሌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ። ከእንጀራዬ ይልቅ ግን የሳቸው ዓይን አንጀቴን በላኝ። በእኔ ቅጥፈት ሊጨልም ነው።

ሐጃ ሚስማሯን እንደገና ዳሰሱ። "ቆሻሻውን ያጠብከው አንተ ነህ?"

"ወላሂ፣ በዚህ እጄ።"

"ቸርኬው ላይ ስንጥቅ ቢያገኙስ ምን ያደርጉታል? ይለጥፉታል?"

"ኧረ አይለጠፍም! ይጣላል።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "መሐንዲስ ቢሆን 'ምንም አይሆንም' ብሎኝ ይሄድ ነበር። ይሄ ግን ቆሻሻውን አይቷል። ትኬት ቁረጥ" አሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር መነጽር አድርገው ተመለሱ። አስጠሩኝ፣ መነጽሩን ከፍ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ። "በድምፅህ ሽማግሌ መስለኸኝ፤ ለካ ጎረምሳ ነህ!" አሉ። 'ጓ!' ሲል ልጃቸው ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ አሉ፤ ጎማው ነው፣ አትፍራ ያሉት እሳቸው ናቸው። "አንተ ግን ዋሽተሃል። ሆድ ወደ ታች አይልም፣ ወደ ላይ ነው የሚመጣው። አገርህ ስትመለስ በአውሮፕላን ተመለስ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።" አሚን አልኩ።

ዱዓቸው ደረሰ። በዓመቱ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት፣ ኬላ ላይ ተያዝኩና እንደኔ ወረቀት አልባ በሆኑ ሰዎች በተሞላ አውሮፕላን ተመለስኩ። ሻንጣ የለኝ፣ የለበስኩትን ብቻ። አዲስ አበባ ልናርፍ ስንል ከእግራችን ሥር "ጓ!" አለ። አውሮፕላኑ በሙሉ በዱዓ ተንጫጫ። ከጎኔ የተቀመጠው የወሎ ሰው ክንዴን ጨመቀው።

"ጎማው ነው፣ ወርዶ ተቆለፈ" አልኩት።

"በምን አወቅህ? መሐንዲስ ነህ እንዴ?"

"አይ፣ አጣቢ ነበርኩ።"

ክንዴን ለቀቀኝ። ማን ያውቃል፣ የዚህን አውሮፕላን ቸርኬ ያጠብኩትም እኔ እሆናለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ፣ ሆዴ ወደ ላይ መጣ። ሐጃ እውነታቸውን ነው።