የዛምቤታ እህት

ስታማቲያ የዓሣ እጣቢውን ከሰገነቷ ላይ ቁልቁል ስትደፋው፣ ከታች ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዘፈናቸውን ገና ማጋመሳቸው ነበር። ጊታር የያዘው ጺማም ጀርመናዊ ከአናቱ እስከ ደረቱ ራሰ። ከጎኑ የነበረችው ጃፓናዊት ጭኗ ላይ የወደቀውን የሳርዲን ጭንቅላት አንስታ በግርምት አየችው። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ሳቁ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። ስታማቲያን ያንገበገባት ይኸው ነው። ቢሰድቧት ትመልስላቸው ነበር፤ ጠበል እንደ ተረጨ ሰው ሲመርቋት ግን ምን ትበል?

«ተነሱ ከደረጃዬ!» አለች። «አገራችሁ መቀመጫ የለም እንዴ?»

ሁለት በቅሎ እየነዳ ዳገቱን የሚወጣው ፓንዴሊስ ሰማት። በደሴቲቱ መኪና ስለሌለ የእንግዶቹን ሻንጣ ከወደቡ የሚያመላልሰው እሱ ነው።

«ተያቸው እንጂ አክስት ስታማቲያ፤ በዚህ ሙቀት ገላቸውን አጠብሽላቸው፣ ምን ይጎዳቸዋል?»

«አንተ ዝም በል! ያ ስኮትላንዳዊ ሞቶም ላንተና ለበቅሎህ ገብስ ይሰፍራል፤ ምን አለብህ!»

«ይስፈርልና! በሕይወት ያሉት ያገሬ ሰዎች መቼ ሰፈሩልኝ?» ብሎ በቅሎዎቹን ጠራርጎ አለፈ።

ስኮትላንዳዊው የሚሉት ኢዋን ሃዶውን ነው። በወጣትነቱ ወደ ደሴቲቱ መጥቶ ከስታማቲያ ቤት በላይ ያለውን ቤት ተከራይቶ ጥቂት ዓመት ኖረ። ግጥም ይጽፋል፣ ጊታር ይነካካል፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወይን ይጠጣል። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰና ዓለም ያወቀው ዘፋኝና ገጣሚ ሆነ። ከሞተ በኋላ አድናቂዎቹ ከየአገሩ ተጠራርተው በየሁለት ዓመቱ በሰኔ መግቢያ እዚህ ይሰበሰባሉ። እሱ የዋኘበት ይዋኛሉ፣ እሱ የጠጣበት ይጠጣሉ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው ግጥሙን እየተቀባበሉ ያነባሉ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ ሚስት የሞተባቸው ሽማግሌዎች ናቸው። አይሰክሩም፣ አይሰርቁም፣ ቆሻሻቸውን እንኳ ለቅመው ነው የሚሄዱት። ከስታማቲያ በቀር ክፉ የሚላቸው ሰው አልነበረም።

ከዘፈኖቹ ሁሉ የሚወዱት «ዛምቤታ» የተባለውን ነው። ጸጉሯን ፈታ ሰገነት ላይ አንሶላ የምታሰጣ አንዲት ልጅ፣ ውሃ የጠማውን እንግዳ በመዳፏ ታጠጣዋለች። «የቀረውን አንሶላዎቹ ያውቃሉ» ይላል መጨረሻው። ዛምቤታ የስታማቲያ ታላቅ እህት ናት። ሰገነቱም ያው ዛሬ እጣቢ የወረደበት ሰገነት ነው።

ዘፈኑ በራዲዮ ደሴቲቱ የደረሰ ጊዜ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ጥቂት ነበር፤ የሰው ስም ለመስማት ግን ቋንቋ መማር አያሻም። በእንግሊዝ መርከብ ሲሠራ የኖረ አንድ መርከበኛ ቡና ቤት ተቀምጦ ቃል በቃል ተረጎመው፤ ቃሉ ሲያልቅበት ከራሱ ጨመረ። ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ቤታቸው ሲደርስ አባታቸው ቀበቶውን ፈታ። ከባሕር ሥር ስፖንጅ እየለቀመ የሚያወጣ ጠላቂ ነበር፤ ክንዱ የመርከብ ገመድ ነው። «ውሃ ስጪው ያልከኝ አንተው ነህ አባባ!» እያለች ብትጮህም አልሰማትም። ወሩ ሳይሞላ ከባሕሩ ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ በጲሬዎስ፣ ወደምትኖረው አክስቷ ላኳት፤ እዚያም ሚስቱ ልጆች ጥላበት ለሞተችበት አንድ የመርከብ መካኒክ ዳሯት።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ስታማቲያ ያኔ ለዲያማንዲስ ታጭታ ነበር፤ አባቱ የራሱ መርከብ ያለው፣ ሲስቅ ሁለት ጉንጩ የሚሰረጉድ ልጅ። እናቱ ቀለበቱን በንስሐ አባት በኩል አስመለሱ። «ከዚያ ቤት ሙሽራ አናወጣም» አሉ፣ በቃ። ዲያማንዲስ ሌላ አገባ። ዛሬ የልጅ ልጆቹ ከስታማቲያ ቤት በታች ካለው ቋጥኝ ላይ ባሕሩ ውስጥ እየዘለሉ ይንጫጫሉ። ሌላ ጠያቂ አልመጣም፤ እናትና አባቷን ጦራ፣ ቀብራ፣ ብቻዋን አረጀች። ዛምቤታ ለአባታቸው ቀብር መጥታ ነበር፤ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ መርከቡ ሄደች እንጂ ቤት አልገባችም። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አልተነጋገሩም።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሐሳብ አመጣ። ደረጃው «የዛምቤታ ደረጃ» እንዲባል ወስኖ የነሐስ ሰሌዳ አሠራና ስታማቲያ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ግድግዳዋ ላይ ሰቀለው። ስትመለስ አየችው፤ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ወደቡ ወረደች። ከንቲባው ሊኩርጎስ ከሻይ ቤቱ ዳስ ሥር ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ ነበር።

«ቤቴ ግድግዳ ላይ የእህቴን ስም ማን ጻፈው?»

«ይቀመጡ እሜቴ ስታማቲያ። የሎሚ ጭማቂ ይምጣልዎት?»

«ሎሚህን ለራስህ ጭመቅ! አባትህ እዚችው ቦታ ተቀምጦ እህቴን ‹የአንሶላዋ› እያለ ሲስቅባት ነበር። አንተ ደግሞ በነሐስ ትጽፋታለህ?»

«ጊዜው ተለወጠ እሜቴ። ያኔ ነውር ነበር፤ ዛሬ ክብር ነው።»

«ነውሩን የተሸከምነው እኛ፣ ክብሩን የምትበላው አንተ!»

እንግዶቹ ምንም ሳይገባቸው ፈገግ ፈገግ አሉ። ከንቲባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የግድግዳው ውስጥ የእርስዎ ነው። ውጭው ግን የመንገዱ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ።»

«መልካም። ውጭው ሲፈርስ መጥተህ ትገነባዋለህ!» ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ማለዳ ኖራ በጥብጣ ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር አንድ አድርጋ ለቀለቀችው። ኖራው ሳይደርቅ የበሩ መዝጊያ ተንኳኳ። የአድናቂዎቹ መሪ፣ ሄስተር የምትባል ሆላንዳዊት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ በፀሐይ የቀላ፤ በእጇ የአልሞንድ ኬክ ይዛለች። የደሴቲቱን ቋንቋ የተማረችው ለዘፋኙ ፍቅር ስትል ነው፤ ወንድና ሴቱን መለየት ግን እስከ ዛሬ አልሆነላትም።

«እንደምን አደርክ እሜቴ ስታማቲያ። አንተ ለምን ይቆጣል? እኛ እህትህን በጣም ይወዳል።»

«አታውቋትም!»

«እናውቃለን። እሱ ዘፈነ። እሷ ውብ ነው።»

«እሷ ውብ ነው!» ስታማቲያ ደገመችው። «ስሚኝ የኔ እህት፤ እናንተ የምትወዱት የኛን ቤት ፍርስራሽ ነው። ኬክሽን ይዘሽ ውረጂ።»

ሄስተር ኬኩን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና በትሕትና ጎንበስ አለች። «ዛሬ እሷ ይመጣል» አለች። «ዛምቤታ። በመርከብ። እኛ ጠራት፣ እሷ እሺ አለ።»

ስታማቲያ በሩን ዘጋችባት። ቀኑን ሙሉ እቃ ስታነሳ እቃ ስትጥል ዋለች። ዛምቤታ እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበረች፤ ብትመጣም ልታዋርዳቸው፣ «በስሜ አትነግዱ» ልትላቸው ነው አለች በልቧ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግን አልቻለችም። ጥቁር ሻሿን አስራ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣች።

ግቢው ጢም ብሏል። ከኋላ የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። መድረኩ ላይ፣ አበባ በታሰረበት ወንበር፣ ጸጉሯን ቀይ የተቀባች፣ ከንፈሯን ያቀለመች፣ ከዘራዋን እንደ በትረ መንግሥት የተመረኮዘች አሮጊት ተቀምጣለች። ስታማቲያ መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ያወቀቻት በድምጿ ነው። ዛምቤታ ድምፅ ማጉያውን ይዛ እያወራች፣ የትምህርት ቤቱ መምህር በእንግሊዝኛ ያስተረጉማል።

«ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይመጣ ነበር» ትላለች ዛምቤታ። «አንሶላዎቹን እንደ መጋረጃ አድርገን፣ ከኋላቸው ቆመን... ግጥሙን መጀመሪያ የሚያነበው ለኔ ነው። ‹ካላንቺ አልሄድም› አለኝ። ቀለበት ሰጥቶኝ ነበር፤ አባቴ ባሕር ውስጥ ጣለው።»

ጺማሙ ጀርመናዊ አለቀሰ። ጃፓናዊቷም አለቀሰች።

«ውሸት ነው!» አለች ስታማቲያ ከበሩ። «ሰው አይሰማሽም እንዴ? ውሸት ነው!»

ግቢው ዞሮ አያት። ዛምቤታ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን አድርጋ ለየቻት።

«እህቴ ናት» አለች በማጉያው። «ልክ ብላለች። ውሸት ነው። ያን ሰው ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ውሃ ሰጠሁት፤ በመዳፌ እንኳ አይደለም፣ በቆርቆሮ ኩባያ። አንዴ ደግሞ ‹እንደምን ዋልክ› አልኩት።»

መምህሩ ማስተርጎሙን አቆመ።

«ታዲያ በስተርጅና ምን ያስዋሽሻል?» አለች ስታማቲያ። « አታፍሪም?»

«ማፈር? እኔ የሚታፈረውን ሁሉ ያኔ አፍሬ ጨረስኩ። ለዚህ ውሸት ጀርባዬ ተተልትሏል። ለዚህ ውሸት የሰው ልጆች አሳድጌ፣ ከማልወደው ሰው ጎን አርጅቻለሁ። ይህ ከኋላ የተደረደረ ሽማግሌ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ፈርዶብኛል። እንግዲያው እውነት ይሁን! ዋጋውን የከፈልኩበት ፍቅር ነው፤ አሁን ልብላው። የኔ ነው!»

ከኋላ የነበሩት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት መልሶ አጠለቀው።

«እኔስ?» አለች ስታማቲያ። «እኔ ምን ልብላ?»

«አንቺማ!» ዛምቤታ በከዘራዋ ጠቆመቻት። «ኩባያውን ሳቀብለው አጠገቤ አልነበርሽም? አባባ ቀበቶውን ሲፈታ ‹አይቻለሁ፣ ምንም አላደረገችም› ለማለት ምላስሽን ምን ያዘው? ለዲያማንዲስ ብለሽ ዝም አልሽ። አገኘሽው?»

ስታማቲያ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣም። ያኔም እንዲሁ ነበር የሆነችው፤ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ አፏ ተከፍቶ። ዞራ ዳገቱን ወረደች።

ሄስተር ወደ መምህሩ ጠጋ ብላ ምን እንደተባባሉ ጠየቀችው። ምስኪኑ መምህር ላቡን ጠረገና፣ «የልጅነት ትዝታቸውን እየተጨዋወቱ ነው» አላት። እሷም ለሌሎቹ ነገረቻቸው፤ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ።

በማግስቱ የጲሬዎስ መርከብ ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው የበቅሎ ኮቴ ስታማቲያ ደጃፍ ላይ ቆመ። ፓንዴሊስ ዛምቤታን ደግፎ አወረዳት። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልድ ሳይወረውር በቅሎውን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። ዛምቤታ ኖራውን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አየችው።

«ጎበዝ» አለች። «እጅሽ ዛሬም አልሰነፈም።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሽንት ቤት።»

ከሽንት ቤት ስትወጣ ሳትጋበዝ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀመጠች። ስታማቲያ ሳታናግራት የትናንቱን የሽምብራ ሾርባ ቀድታ ከዳቦና ከወይራ ጋር ፊቷ አኖረችላት። ዛምቤታ ቀመሰችው።

«ጨው የለውም።»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«እኔን አልከለከለኝም።»

ስታማቲያ ጨዉን ገፋ አደረገችላት። ከዚያ ስታማቲያ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ዞር ብሎ ሊያየኝ ነበር፤ ፈራሁት» አለች።

«ማን? ዲያማንዲስ?»

«አባባ።»

ዛምቤታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሁላችንም ፈርተነዋል» አለች። «ይቅር አልልሽም ግን።»

«ለምኜሻለሁ?»

መርከቡ ጮኸ። ሁለቱም ሰሙት፤ አንዳቸውም አልተነሱም። ፓንዴሊስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሄደ እኮ!» ሲል፣ ሁለቱ በአንድ አፍ «ይሂዳ!» አሉት።

ዛምቤታ እስከ ሙቀቱ ወራት ማብቂያ ቆየች። ጎረቤት በጭቅጭቃቸው እንቅልፍ አጣ፤ ስለ እናታቸው የጆሮ ጌጥ፣ ስለ ሽምብራው አዘፋዘፍ፣ አባታቸው ማንኛቸውን ያስበልጥ እንደ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ኖራውን አጥቦ ሰሌዳውን አወጣው፤ ዛምቤታም እየሄደች ስሟን በመሐረብ ትወለውለው ነበር። ስታማቲያ አድናቂዎቹን ዛሬም አትወዳቸውም። «የሰው ለቅሶ ለነሱ ዜማ ነው» ትላለች፤ ሐሳቧን የሚያስለውጣት አልተገኘም።

አሁን ዛምቤታ ጲሬዎስ ናት፤ ዳገቱን ጉልበቷ እንቢ ብሏል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደዋወላሉ፣ ይጣላሉም። አንዳንዴ አንዷ ስልኩን በሌላዋ ጆሮ ላይ ትዘጋዋለች። ያኔ መልሳ የምትደውለው የተዘጋባት ናት።