የሚካኤል ቀን ኪሮሽ

እኔ ብዙ መጻፍ አላውቅም፤ የእህቴን ነገር ግን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። በእናት ምትክ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እጇ ሥራ ሲፈታ ኪሮሽ ታነሣ ነበር። ዳንቴሏ ያልደረሰበት የጎረቤት ጠረጴዛ የለም። የምንጣላውም በዚያው ነው። በየወሩ በሚካኤል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ መደቡ ላይ ትቀመጥና ክሯን ትስባለች።

«እታለም፣ በዓል ነው፤ አስቀምጪው» እላታለሁ።

«ሥራ መሰለህ እንዴ? ሥራማ ቢሆን ደክሞኝ እተወው ነበር» ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።

«ለንስሐ አባትሽ እናገራለሁ።»

«ንገራቸው። የእሳቸውን የጠረጴዛ ልብስ ማን ሠራውና?»

እሷም አልተወች፣ እኔም አልተውሁ።

ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ሚካኤል ባለፈው ሳምንት ዋለ። ልጇ የተጀመረውን ዳንቴል ከመደቡ ልታነሣ ስትል «ተይው» አልኋት። ኪሮሹ እንደ ተሰካበት ነው። በዚያን ቀን በቤቱ በዓል የሻረ ሰው የለም። ስንት ዓመት የተጣላሁለት ነገር ይኸው ሆነልኝ፤ እኔም ከመደቡ ትይዩ ተቀምጬ ዋልሁ።

እታለም፣ ብትመለሺ አልቆጣሽም ብል ውሸት ነው። እቆጣሻለሁ፤ አንቺ ግን አታስቀምጪው።