የሐሙስ ጾም በመካነ ሰላም

ባለፈው ሳምንት አልሠራ ያለኝን ሬዲዮ ስከፍተው የባትሪ ድንጋዩ ፈሶ ኖሯል። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ምን ልበልህ፣ መካነ ሰላም ተመልሼ ቆምኩ። እዚያ ተማሪዎቹ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠው፣ በውሃ ለውሰው ነበር ሰሌዳውን የሚያጠቁሩት። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሁሉ እሱን እሱን ይሸት ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ለመሆን ስሠለጥን፣ ለማስተማር ልምምድ የተላክሁት ወደዚያ ነው። ከደሴ በጭነት መኪና ተጭኜ፣ አቀስታን አልፌ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ እየዘለቀኝ ገባሁ። ረሃቡ ወሎን የፈጀበት ዓመት ነበር፤ ንጉሡም ገና ከዙፋናቸው አልወረዱም። በመንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች አይቻለሁ። እኔ ግን በሦስት ቀለም ያሳመርኩት የትምህርት ዕቅድ ነበረኝ፤ ልቤም ያለው እሱ ላይ ነበር።

ልምምዴን የሚከታተሉልኝ መሪ መምህር ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው የከተማው ሰው ነበሩ። አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ሳስተምር ቃል አይተነፍሱም፤ ስጨርስ ግን «አብሽር ልጄ፣ ነገ ይሻላል» ይሉኛል።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከኮሌጅ የመጡ ገምጋሚ ከጎናቸው ተቀመጡ። የዕለቱ ርዕስ የምግብ መፈጨት ነበር። ኮሌጅ «ከተማሪው ኑሮ ጀምሩ» ብለው አስተምረውናል። ጠመኔዬን አንስቼ በሙሉ ልብ ጠየቅሁ።

«ዛሬ ጠዋት ቁርስ ምን በላችሁ?»

ክፍሉ ጭጭ አለ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይሰማኛል። ያልገባቸው መስሎኝ ጎበዟን ተማሪ አስነሣሁ። ከከላላ በኩል የመጣች የቄስ ልጅ ናት፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከቤቷ በየሳምንቱ በሚመጣላት ስንቅ ነበር የምትማረው። ስንቁ ከቆመ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ያወቅሁት ኋላ ነው። ነጠላዋን በጣቷ እየጠቀለለች ቆመች። ዓይኗ ሞላ። እኔም፣ ጅሉ፣ «አትፍሪ፣ ንገሪን» አልኳት።

በዚህ መሃል መሪ መምህሬ ከኋላ ተነሡ።

«እኔ ልቅደም» አሉ። «እኔ ምንም አልበላሁም። ሐሙስ አይደል? ጾመኛ ነኝ።»

አንድ ተማሪ ከመስኮቱ በኩል «እኔም ጾመኛ ነኝ» አለ። ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ልጅቷ፣ በማይሰማ ድምፅ፣ «እኔም ጾመኛ ነኝ» አለች። ሐሙስ እንደ መሪ መምህሬ ያሉ ሙስሊሞች በፈቃዳቸው የሚጾሙበት ቀን ነው፤ የክርስቲያን የሐሙስ ጾም ግን በጥር እንደሌለ የማያውቅ አልነበረም። አንድም የሳቀ የለም። ከፊቷ የተቀመጠ የሼህ ልጅ እንኳን ዞር ብሎ «አላህ ይቀበልሽ» አላት። እሷም «አሜን» ብላ ተቀመጠች።

«በል እንግዲህ» አሉኝ መሪ መምህሬ፣ «ባዶ ሆድ ምን እንደሚሠራ አስተምረን።»

ዕቅዴን አጠፍኩት። ሰው ሳይበላ ሲውል ሰውነቱ ካስቀመጠው እንዴት እየቀነሰ እንደሚኖር፣ ለምን ጭው እንደሚልበት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ለምን ቀድሞ እንደሚደክም ነገርኳቸው። ያን ቀን እንደጠየቁኝ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ገምጋሚው ግን አኮረፉ። «መሪ መምህር በትምህርት መሃል አይገባም። ደግሞ ባዶ ሆድ የሚባል ነገር በዕቅዱ የለም።»

«በክፍሉ ግን አለ» አሉ መሪ መምህሬ። «ጥፋቱን በእኔ ይጻፉ፤ ልጁ አስተምሯል።»

ገምጋሚው ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ። አለፍኩ።

ምሳ ሰዓት ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ሽሮ አቀረቡ። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ምን ሆነዋል?» አሉ ባለቤታቸው። «ጠዋት ቂጣ በልተው አይደል የወጡት!»

«ከአሁን ጀምሮ ነዋ!» አሉና ሳቁ። ግን እስኪመሽ እህል አልቀመሱም። ለልጆቹ ጾመኛ ነኝ ብለው፣ ከልጆቹ ተለይተው መብላት አልሆነላቸውም።

ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት ተነሥቼ ነበር። «ተው» አሉኝ። «ይቅርታ ስትጠይቃት እንዳወቅህባት ታውቃለች። ሥራ ስጣት።» ቅዳሜ ቅዳሜ እሷንና ሌሎች ስንቅ የቆመባቸውን እሳቸው ግቢ እየሰበሰብን፣ ለክፍሉ የሚሰቀሉ ሥዕሎች በትልልቅ ወረቀት እናሠራ ጀመር። ስንጨርስ ባለቤታቸው፣ «ሠራተኛ ሳይበላ አይሄድም» እያሉ ንፍሮ ያወርዳሉ። እህሉ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም። ጎተራቸውን ሲያራግፉ ያየሁት አንድ ቀን በድንገት ነው።

የካቲት ላይ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ አገሩ ተናጠ፤ ልምምዳችንም ተቋረጠ። በጭነት መኪናው ጫፍ ተሰቅዬ ስሄድ እሳቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ነበር። ማመስገን እንዳለብኝ አልታወቀኝም። ቸኩዬ ነበር፤ ወጣት ነበርኩ።

ተመልሼ የሄድኩት ፀጉሬ ከሸበተ ነው። መሪ መምህሬ ካረፉ ቆይተዋል። ባለቤታቸው በዚያው ግቢ አርጅተው አገኘኋቸው። ልጅቷን ጠየቅኋቸው።

«አቀስታ ታስተምራለች» አሉኝ። «ለዒድ አትቀርም። ዘንድሮም ከልጆቿ ጋር መጥታ እዚህ ዋለች።»

መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ምስጋና ነበረኝ። ብድግ ብዬ «እናቴ፣ እኔ እንኳን የመጣሁት…» ብዬ ስጀምር ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

«መጀመሪያ ብላ፤ ወሬው ይደርሳል» አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ በላሁ። እንባዬን እንዳላዩ ሆነው ወጥ ጨመሩልኝ።