የማንን ውሃ ወሰድሁ?

«አንቺ ብትነግሺ ሕዝቡ በሳምንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይሰደድ ነበር» አሉኝ የንስሐ አባታችን፣ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ይሰደድ» አልኋቸው። «ሲሄድ ግን ለምን እንደሚሄድ ነግሮኝ ይሄዳል። የሮብዓም ሕዝብ እንኳ ነግሮት ነው የሄደው።»

ሳቁ። እኔ ለማሳቅ አልተናገርሁም። ከጋፋት በታች ባለው መንደራችን፣ ከጽዱ ሥር፣ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚው እስኪሰበሰብ ቁጭ ብለን ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሆነውም። ያን ማለዳ አሠሪዬን አስፈቅጄ ከደብረ ታቦር በእግሬ ነው የመጣሁት። ሰው እስኪሞላ ከአባ ጋር ስለ ነገሥታት ክርክር ገጠምን፤ ሁልጊዜም ስንገናኝ እንዲሁ ነን።

ሮብዓም የሰሎሞን ልጅ ነው። ሕዝቡ «አባትህ ቀንበር አክብዶብናል፤ አንተ አቅልልልን» ብሎ ለመነው። ሽማግሌዎቹ «ዛሬ አንተ ብታገለግላቸው ዕድሜ ልካቸውን ያገለግሉሃል» ብለው መከሩት። እሱ ግን አብሮ አደጎቹን ሰምቶ «ጭራሽ አከብደዋለሁ» አለ። ከአባቱ የወረሰው መንግሥት ለሁለት ተከፈለ፤ ለእሱ የቀረለት ትንሹ ነው።

«እኮ!» አሉ አባ። «ያጠፉት ወጣቶች ናቸው። እንዳንቺ ያሉ።»

«ወጣቶቹ ተጠይቀው መለሱ። ሽማግሌዎቹም ተጠይቀው መለሱ። ሁለቱንም ሰምቶ ደስ የሚለውን የመረጠው ማን ነው? አባ፣ ለንጉሡ አይፍረዱለት።»

«ኧረ እሷን ተዋት!» አለ አንዱ ገበሬ። «ከተማ ወረቀት ስታባዛ ምላሷም አብሮ ተባዛ።»

እውነቱን ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስሁ በኋላ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ካለች የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገባሁ፤ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይተኛል፣ ደንበኛ ይበተናል፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱስ እከፍታለሁ። ቁጭ ብዬ መዋል ስለማልችል ነው እንጂ መንፈሳዊ ሆኜ አይደለም። የነገሥታቱን ታሪክ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው ያነበብሁት፤ ማን ምን አደረገ፣ ማን እያየ ዝም አለ።

የክፉዎቹ ብዛት አይደለም ያስገረመኝ። የጥሩዎቹ መጨረሻ ነው። ለንጉሥ የተሰጠው ሕግ አጭር ነው፤ ፈረስ አታብዛ፣ ሚስት አታብዛ፣ ወርቅ አታብዛ፣ ልብህ ከወንድሞችህ በላይ አይታበይ። ሰሎሞን ሦስቱንም አበዛ። ጥበብ ለምኖ የተሰጠው ሰው! ከዚያ ወዲህ አንድ ብልህ ሰው ይምጣልን ብሎ የሚጸልይ ሰው ስሰማ ይከነክነኛል። ብልሁ መጥቶ ነበር። ዳዊት ደግሞ የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ሲያስገድል፣ መልእክተኛው ያውቅ ነበር፣ የጦር አዛዡ ያውቅ ነበር፣ አሽከሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንድ ነቢይ በሩን አልፎ እስኪገባ ትንፍሽ ያለ የለም። ዳዊትን ከሳኦል የለየው አለመበደሉ አይመስለኝም። ሲነገረው «በድያለሁ» አለ፤ ሳኦል በሕዝቡ አሳበበ።

እኛም ከተማ ያን የመሰለ ብዙ አይቻለሁ። አዳራሽ እንጠራለን፣ ስንሰማ እንውላለን፣ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው» ሲባል ጣሪያ ጣሪያ እናያለን። ደጅ ስንወጣ ሁላችንም ነቢይ ነን።

የዚያን ቀን ጉዳይ ግን አዳራሽ የሚያስገባ አልነበረም። ውሃ ነው። ከወንዙ ተጠልፎ በመንደሩ የሚያልፍ አንድ ቦይ አለን። በበጋ ድንች የሚያለማው ሁሉ በተራ ያጠጣበታል። ተራውን የሚያስከብር ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ በየዓመቱ በሽማግሌዎች ፊት ይመረጣል። ሰዓት አይታይም። የእናቴ ተራ የሚያበቃው የጽዱ ጥላ ቦዩ ዳር ካለው ጥቁር ድንጋይ ሲደርስ ነው። ያኔ የውሃ አባት የእኛን መግቢያ ዘግቶ ውሃውን ወደ ግርጌው ማሳ ይለቃል።

የውሃ አባቱ አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። ሰው ይወዳቸዋል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። አባቴ ሲሞት እርሻችንን ያረሱልን እሳቸው ናቸው፤ የታመመ ተሸክመው ከተማ የሚያደርሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው። ለዓመታት ሌላ ሰው አልተመረጠም።

የግርጌውን ማሳ የያዘችው ደግሞ እስከ አሥረኛ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰችና ያመጣችውን ሁሉ ዘር ድንች ገዝታበት መሬት ተከራይታ ተከለች። የጥምቀት ሰሞን ማሳዋን ሄጄ አየሁት። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቃጥሎ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ አፈሩ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ቀና ብዬ ወደ ራስጌ ሳይ የእናቴ ድንች ሐመልማል መስሎ ተዘርግቷል። የጽዱ ጥላ ድንጋዩን አልፎ ሜዳው መሃል ደርሷል፤ ውሃው ገና ወደ እኛ ይንቆረቆራል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኋት።

«አጎትሽ ናቸው እኮ፣ ምን ልበል?»

«ለስብሰባው ተናገሪያ!»

«ተከራይ አይናገርም፤ የሚናገረው ባለመሬቱ ነው። ባለመሬቱ ደግሞ የአጎትሽን ልጅ ክርስትና ያነሳ ነው።» አንዱን የድንች ግንድ በሁለት ጣት ይዛ ወዘወዘችው። «ይኼ ካልደረሰልኝ ተመልሼ እሄዳለሁ። ደላላው አሁንም ይደውላል። ያኛው ቤት ምን እንደነበር ላንቺ ነግሬሻለሁ።»

ነግራኛለች። እዚህ አልጽፈውም።

ወንድ የሌለው ቤት ለስብሰባው ሴት መላክ ይችላል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እኔን ላከችኝ። ጠዋት ቤት ጎራ ብዬ ስወጣ «ሌላው እንዳለው በዪና ነይ» አለችኝ። ሌላው የሚለው የታወቀ ነው። የውሃ አባት ዘመኑ ሲያልቅ ዶማውን መሬት ያስቀምጣል። ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ እስራኤልን፣ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ማንን ገፋሁ፣ ከማን እጅ መማለጃ ተቀበልሁ ብሎ እንደጠየቀው እሱም ይጠይቃል። ሰዉ በአንድ ድምፅ «አልበደሉንም» ይላል። ከዚያ ጠላ ይቀዳል። በእኔ ዕድሜ ሌላ መልስ ተሰምቶ አያውቅም። ሳሙኤል ሲጠይቅ መልስ ፈልጎ እንደነበር የተረሳ ይመስለኛል።

ሰው ሞላ። አባ ተነሥተው የሳሙኤልን ነገር አነበቡ፤ ባረኩ። አጎቴ መካከል ቆሙ፣ ዶማቸውን አጋደሙ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ የማንን ውሃ ወሰድሁ? የማንን ተራ አሳጠርሁ? ንገሩኝና ልመልስ።»

«አልበደሉንም!» አለ ሰዉ። አንዷ ወደ ጋኑ መንገድ ጀመረች።

«በድለዋል» አልሁ፣ ተነሥቼ።

አጎቴ መጀመሪያ የቀለድሁ መስሏቸው ፈገግ አሉ። «ምን አጠፋሁሽ የእህቴ ልጅ?»

«እኔን ምንም አላጠፉኝም። ለእኛ ብለው ነው ሌላውን የበደሉት። ጥላው ድንጋዩን አልፎ የእናቴ መግቢያ ክፍት ይውላል። የግርጌዋ ማሳ ደርቋል።»

ባለመሬቱ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «መሬቱ የኔ! እኔ ከሰስሁ? አንቺን ማን ወከለሽ?»

«መሬቱ ያንተ ነው። ድንቹ የሷ ነው። ኪራይህን በልተሃል፤ አንተን ምን ይቆጭሃል?»

«ስድ!»

«ልክ ነው፣ ስድ ነኝ። ውሃው ግን የሷ ነው።»

«የገዛ እናትሽን ማሳ ነው እኮ የምትከሺው» አለ ያ ምላሷ ተባዛ ያለኝ ገበሬ። አሁን አይስቅም።

«ታዲያ ማን ይክሰስ? የተጠቀመው ካልተናገረ፣ የተጎዳው እንዳይናገር ከተከለከለ፣ ይኼ ጥያቄ ለምን ይጠየቃል? ጠላውን በቀጥታ ቅዱት።»

አባን አየኋቸው። የሚገስጹኝ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉን አጥፈው «ወርደን እንየው» አሉ ብቻ።

ወረድን። አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የግርጌዋ ልጅ ሰው ሁሉ ወደ ማሳዋ ሲመጣ አይታ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፤ ምን እንደተደረገ አላወቀችም። አጎቴ አንዱን ድንች ነቀሉት። ከሥሩ የተንጠለጠለው ከባቄላ አይበልጥም። እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩት። ቀና ብለው የእናቴን ማሳ አዩ። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ያየ ሰው፣ እንዲህ ቅርብ ለቅርብ አድርገው አይተውት እንደማያውቁ ይገባዋል። የውሃ አባት መግቢያውን ከፍቶ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ግርጌ ድረስ የሚወርድበት ምክንያት የለውም።

«ለእህቴ ብዬ ነው» አሉ።

ወደ እኛ ዞሩ።

«ባል የሌላት ናት ብዬ ነው። ክፉ አስቤ አይደለም።» ድንቹን መልሰው አፈር ውስጥ ቀበሩት፣ የሚበቅል ይመስል። «በድያለሁ። ፍረዱ።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተከራከሩም። የእናቴ የዛሬውና የሚቀጥለው ተራ ለግርጌዋ እንዲሆን ፈረዱ። ከባዱ ሌላው ነበር፤ ዶማውን ማን ያንሣ? ሁሉም ወደ አንድ ሽማግሌ ዞረ። ንብ አናቢ የሆኑ፣ ከማንም ጋር የማይጣሉ፣ እውነተኛ ሰው ናቸው።

«እኔ አልችልም» አሉ። «ለሹመት የሚሆን ልብ የለኝም። ንቦቼና ጸሎቴ ይበቁኛል።»

«ትሑት ናቸው» አለ አንዱ፤ ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አልቻልሁም። «ዛፎቹም እንዲሁ ብለው ነበር» አልሁ። «ንጉሥ ፍለጋ ሄደው ወይራውን ቢለምኑት ዘይቴን ትቼ አለ፣ በለሷ ጣፋጭነቴን ትቼ አለች፣ ወይኑም ወይን ጠጄን ትቼ አለ። እሾሁ ብቻ እሺ አለ። የእሾሁን ክፋት ሁላችንም እናወራለን። ወይራውን ግን ማን ወቀሰው? እርስዎ ማር እየቆረጡ ሲቀመጡ ሌላው ይጠማል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ብሾምና ያንቺ ዓይነት ሰው ቢነሣብኝ በድንጋጤ እሞታለሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። አልተቀበሉም። ሌላም ሁለት ሰው ተለመነ፤ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ልጁን አመካኘ።

መጨረሻ ላይ ዶማው ተመልሶ ለአጎቴ ተሰጠ። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ፤ ከእንግዲህ የሚያርሰው ሁሉ፣ ተከራይም ቢሆን፣ ስለ ውሃው በስብሰባ ይናገራል። ይህን ያሉት አባ ናቸው። የተቃወመ የለም፤ ባለመሬቱ እንኳ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እናቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የወንድሜን ፊት አፈር አስመሰልሽው አይደል? አባትሽ ሲሞት ማን ነበር ያረሰልን?»

«እሳቸው ናቸው። እሱን ማን ካደ?»

«ድንቼ ቢደርቅስ?»

«ያንቺ በቂ ጠጥቷል፤ ሁለት ተራ ቢያልፈው አይደርቅም። የሷ ግን ዛሬ ካላገኘ አለቀ።»

«ለባዕድ ብለሽ!»

«ባዕድ አይደለችም። እዚሁ ግርጌ ናት።»

ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔ አካፋ አንሥቼ ወደ መግቢያችን ወረድሁ። ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ውስጥ ገባሁና ጓል በጓል እያደረግሁ መዝጋት ጀመርሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ያስቀመጥሁትን ቶሎ ቶሎ ይንደዋል።

«ውጪ» አለኝ ድምፅ ከኋላዬ። አጎቴ ናቸው፣ ዶማቸውን ይዘው። «ይኼ የውሃ አባት ሥራ ነው።»

ወጣሁ። እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ትልቅ ጓል ከነሣሩ ገምሰው መሃል ላይ ጣሉ፣ በእግራቸው ረገጡት፣ ዳሩን በጭቃ ደፈኑት። ውሃው ትንሽ ቆሞ አመነታ፣ አበጠ፣ ከዚያ አቅጣጫውን ቀይሮ ቁልቁል ሄደ። ግርጌ ላይ ልጅቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ትልሞቹን እየከፈተች ትጠብቃለች። ውሃው የመጀመሪያውን ስንጥቅ ሲሞላ ከሩቅ ይታየን ነበር።

አጎቴ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ዓመቱ ሲደርስም ትመጫለሽ?» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

«እመጣለሁ።»

«ያው ነው የምትናገሪው?»

«እሱ በእርስዎ ነው፤ ያደረጉትን እናገራለሁ።»

«እንግዲህ ወዮልኝ» አሉ፤ የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ላላ አለ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

እግሬን ቦዩ ውስጥ ታጠብሁ፣ ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ቦርሳዬን ከአጥሩ ላይ አንሥቼ አነገትሁ። ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ በጋፋት በኩል ያለውን የእግር መንገድ ይዤ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ መሄድ ጀመርሁ።